«ይወልቃል» ስለሚባለው የሕፃናት ጥርስ

(በራዲዮ የተነገረ የጤና ትምህርት)



የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ጠቁረውና ተሸራርፈው የሚታዩ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢያጋጥመንና ወላጆቹን ስለ ምክንያቱ ብንጠይቃቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» የሚል ነው። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም። የወተት ጥርስ በእርግጥ ይወልቃል። ነገር ግን መቼ እንደሚወልቅና እስኪወልቅም ድረስ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳይታሰብ የሚነገር በመሆኑ፣ ለብዙ ሕፃናት ያተረፈላቸው ነገር ቢኖር ሌሊት እያለቀሱ ማደር ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል። ለምሳሌ የምንወስደውም ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች አጠገብ ከፍ ብሎ የሚገኘውን የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም መካነ ሰላምን ከነአካባቢው፣ የቦረናን፣ የሳይንትን፣ የወግዲን፣ የከለላንና የለጋምቦን አገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥርሱ ቍጥርና ዕድሜ ጥቂት እንናገር። የሕፃን የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ዘንድ የመጀመሪያው፣ ይኸውም የታችኛው የፊት ጥርስ፣ በስድስተኛው ወር ግድም ብቅ ይላል፤ ሃያውም ጥርስ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ሲሆነው ተሟልቶ ይገኛል። የፊት ጥርሶች በስድስትና በሰባት ዓመት መውለቅ ይጀምራሉ፤ ልጁም የወለቀውን ወደ ጣራ ወርውሮ አዲስ ይለምናል። የወተት መንጋጋ ግን እንዲህ ቶሎ አይሰናበትም። በሁለት ዓመት ግድም የበቀለው መንጋጋ የሚወልቀው ልጁ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ «ይወልቃል» የተባለው ጥርስ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ያህል ያገለግላል ማለት ነው። ይህ አንድ በሬ ቀንበር ተሸክሞ ከሚያርስበት ዘመን እምብዛም የሚያንስ አይደለም፤ በሬውን «ነገ ያረጃል» ብሎ ዛሬ ሣር የሚከለክለው ገበሬ ግን እስካሁን አላየንም።

የወተት ጥርስ አገልግሎትም ማኘክ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ለሚበቅለው ቋሚ ጥርስ ስፍራ ጠብቆ ያቆያል። ያለ ጊዜው የወለቀ ወይም የተነቀለ እንደ ሆነ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ጥርስ በሚወጣበት ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ስለሚያገኘው ተጣሞ ወይም ተደራርቦ ይበቅላል። ከዚህም በላይ ከበሰበሰው የወተት ጥርስ ሥር የሚቋጥረው መግል ገና በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። ጥርሱ የሚያመው ሕፃን ጠንከር ያለ ምግብ አይበላም፤ እንቅልፉን አይጠግብም፤ ክብደቱም እንደ እኩዮቹ አይጨምርም። እናቱ «ልጄ ምግብ ጠላ» እያለች ስትጨነቅ፣ ምክንያቱ በአፉ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ይህ የአንድ አገር ጉዳት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ የወተት ጥርሳቸው የበሰበሰባቸው የዓለም ሕፃናት ቍጥር 514 ሚሊዮን ያህል መሆኑን አስታውቋል።

እንግዲህ ጥርስን የሚያበሰብሰው ምንድን ነው? በአገራችን «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል። ይህን እምነት የኛ ሰው ብቻ የያዘው አይደለም፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በነበሩት በባቢሎን ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ይገኛል። የዘመኑ ምርመራ ግን በጥርስ ውስጥ ትል እንደሌለ አረጋግጧል። ያለው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ በጥርስ ላይ እንደ ስስ ዝልግልግ ሽፋን ተለጥፎ ይኖራል። ስኳር ባገኘ ጊዜ ይመገበዋል፤ ተመግቦም አሲድ ያመነጫል። አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን ማዕድን እያሟሟ ያወጣዋል። ምራቅ ደግሞ በበኩሉ አሲዱን እያለዘበ የጠፋውን ማዕድን በጥቂቱ ይመልሳል። ምራቅ ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ ካገኘ ጥርሱ ይድናል፤ ጊዜ ካጣ ግን ይሸነፋል።

ይህን ነገር የደጋው ገበሬ ከማንም ይልቅ በቶሎ ይረዳዋል ብለን እናምናለን። አንድ ዶፍ ዝናብ ማሳውን አያጠፋውም፤ ውሃው ፋታ ሳይሰጥ በየቀኑ ሲወርድበት ግን አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ይቀራል። ጥርስም እንዲሁ ነው። ጉዳቱን የሚያመጣው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የምልልሱ ብዛት ነው። ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ጣፋጭ የበላ ልጅ፣ ያንኑ ያህል ጣፋጭ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲልስ ከዋለው ልጅ ይልቅ ጥርሱ የተጠበቀ ነው።

የደቡብ ወሎ ደጋ የቆየ ምግብ በዚህ ረገድ የሚነቀፍ አልነበረም። የገብስ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ባቄላና ሽሮ፣ ወተት ካለም ወተት፤ እነዚህ ሁሉ ጥርስን እምብዛም የሚጎዱ አይደሉም። ስኳር ብርቅ ነበረ። በአገራችን በወንጂ የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ የመኪና መንገድ ደጋውን እየሰነጠቀ በሄደ መጠን፣ ስኳር፣ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ እስከ ገጠር ሱቅ ድረስ ደረሱ። ዛሬ ከገበያ የሚመለስ አባት ለልጁ የሚይዝለት ነገር ቢኖር ከረሜላ ነው፤ ይህም የፍቅር ምልክት ስለሆነ አባትየውን መውቀስ ያስቸግራል። ብርቱካን ወይም ሙዝ ቢይዝለት ግን ፍቅሩ የሚቀንስ አይመስለንም።

በቤት ውስጥም ቢሆን ሳይታወቅ የሚገባ ጣፋጭ ብዙ ነው። ለሕፃኑ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከሩ ማጉረስ የተለመደ ነው፤ አጥሚቱም በስኳር ይጣፍጥለታል። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ልጆች በረከቦቱ ዙሪያ ተሰብስበው ከስኳሩ ዕቃ በጣታቸው ይልሳሉ፤ ስኒ ተጠጥቶ ሲያበቃ ከሥሩ የቀረችውንም ጣፋጭ ይጨልጣሉ። በበዓልና በድግስ ቀን ብርዝ አለ፤ በወሎ ደግሞ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጀው ቀሪቦ አለ። ቀሪቦ በድግስ ቀን ቢጠጣ የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ የተረፈው በጠርሙስ ተደርጎ ሳምንቱን ሙሉ ሕፃኑ ሲጠባው የሚሰነብት እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ይጀምራል።

ስለ ማር ብዙ ሰው የሚከራከረን «ማር የተፈጥሮ መድኃኒት ነው» በማለት ነው። የማርን ክብር አንነካም። ነገር ግን በጥርስ ላይ ያለው ተሕዋስ ማርንና ስኳርን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እኩል ይመገባል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም። ይህ ክልከላ ስለ ጥርስ ሳይሆን፣ በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ አንድ ተሕዋስ በጨቅላው አንጀት ውስጥ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊፈጥር ስለሚችል ነው።

ከሁሉም የከፋው የሌሊቱ ነው። ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል። ስለዚህ በአፉ ጣፋጭ ፈሳሽ ይዞ የሚተኛ ሕፃን ጥርሱን ያለ ጠባቂ ትቶታል ማለት ነው። ስኳር የገባበት ወተት፣ ሻይ ወይም አጥሚት በጡጦ ተደርጎ ከአፉ ሳይወጣ የሚያድር እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሚበላሹት የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ናቸው። የታችኞቹ ምላስ ስለሚሸፍናቸውና ምራቅ ስለሚያጥባቸው ለጊዜው ይተርፋሉ። ሐኪም የላይኞቹ ጠቁረው የታችኞቹ ነጭ ሆነው ሲያይ፣ ሳይነግሩት የሌሊቱን ጡጦ የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕፃኑ ጡጦ ሳይዝ አልተኛም ያለ እንደ ሆነ በጡጦው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይደረግለት። ጥቂት ሌሊት ያለቅስ ይሆናል፤ ይለምደዋል።

እዚህ ላይ የእናት ጡት ከጡጦ ጋር ተደባልቆ እንዳይወቀስ እንለምናለን። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይሻም፤ ከዚያም በኋላ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ቢጠባ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ጥርስ ካበቀለና ሌላ ምግብ ከለመደ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጡት እንደ ጎረሰ የሚያድር ከሆነ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ጥርሱን ማጽዳት ግዴታ ይሆናል።

ጽዳቱ እንዴት ነው? ጥርስ ከመብቀሉ በፊት እናት እጇን ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ በፈላ ውሃ ውስጥ አልፎ ከቀዘቀዘ በኋላ በጣቷ ጠቅልላ፣ የሕፃኑን ድድ በቀስታ ብትጠርገው ልጁ አፉ መነካቱን ይለምዳል። የመጀመሪያው ጥርስ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት፣ ለስላሳና ትንሽ በሆነ የሕፃን ቡሩሽ መጽዳት አለበት። ሕፃኑን ለሹሩባ እንደምትቀመጥ ልጅ ራሱን በጭን ላይ አስደግፎ ማጽዳት ከሁሉ ይቀላል፤ አፉ ወለል ብሎ ይታያልና። ይህን ሥራ ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ወላጅ ራሱ ይሥራው፤ ወይም ቆሞ ይቆጣጠር። የአምስት ዓመት ልጅ «ታጥቤአለሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ የታጠበው የፊት ጥርሱ ብቻ ነው።

የወይራና የክትክታ መፋቂያ ለአዋቂ ሰው ማለፊያ ነገር ነው፤ አባቶቻችን ጥርሳቸውን ይዘው የኖሩበት ነውና አንንቀውም። ለሕፃን ድድ ግን እንጨቱ ይጠነክራል። ቡሩሽ ያልተገኘ እንደ ሆነ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል፤ ከፍ ያለው ልጅ በመፋቂያ የሚጠቀም ከሆነም ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ጭራ ከለሰለሰ በኋላ ይሁን። መፋቂያውን ይዞ መሮጥ ግን ፈጽሞ ይከልከል።

የጥርስ ሳሙና በሚገዛበት ጊዜ (ሕዝቡ ሁሉንም «ኮልጌት» ይለዋል፣ ስሙ ምንም ቢሆን ግድ የለም) በላዩ ላይ «ፍሎራይድ» የሚል ቃል ያለበት መሆኑን ይመልከቱ፤ መጠኑም ከሚሊዮን እጅ ከ1,000 የማያንስ ይሁን። ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን አሲድ እንዳይበግረው የሚያጠነክር ማዕድን ነው። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አንዲት የገብስ ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ይደረግለት። ከዚህ መብለጥ የለበትም። ከጸዳ በኋላ ትርፉን ይትፋ እንጂ አፉን በብዙ ውሃ አይጕመጥመጥ፤ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳልና።

መጠኑን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ይህ ማዕድን በበዛ ጊዜ ራሱ ጥርስን ያበላሻል። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ከሊትር 1.5 ሚሊግራም እጅግ በልጦ በመገኘቱ፣ በዚያ ውሃ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማና የተቦረቦረ ሆኗል። ስኳር ያበዛችልን ወንጂ ይህንንም ማስተማሪያ መሆኗ የሚያስገርም ነው። በደጋው የምንጭ ውሃ ግን ፍሎራይዱ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ፣ የመካነ ሰላም አካባቢ ልጅ ከሳሙናው የሚያገኘው ጥቂቱ ይጠቅመዋል።

አሁን ወላጆች ሁሉ ያለ አንዳች ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር እንንገራችሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ የሕፃኑን የላይኛውን ከንፈር በጣታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ጥርሱ ከድዱ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ተመልከቱ። የመበስበስ መጀመሪያው ጥቁር ቀዳዳ አይደለም። በድዱ አጠገብ እንደ ኖራ የነጣ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ መስመር ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የታየ ጥርስ ጣፋጩ ቢቀነስለትና በፍሎራይድ ሳሙና ቢጸዳ ሊመለስ ይችላል። መስመሩ ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ከተለወጠ ጊዜው እያለፈ ነው፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን የሐኪም እጅ ያስፈልገዋል። ሕፃኑ በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ በሚወሰድበት ቀንም፣ «አፉንም እዩልኝ» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

ከመበስበስ የሚብስ ሌላ ጉዳት ደግሞ አለ፤ እርሱም በሰው እጅ የሚደርስ ነው። ሕፃን ጥርስ በሚያበቅልበት ወራት ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ትውከት ቢይዘው፣ ድዱ ተከፍቶ ይታይና የክራንቻው ስፍራ አበጥ ብሎ፣ ነጣ ብሎ ሲገኝ «በሽታው ይህ ነው» ይባላል። የልማድ አዋቂ ይጠራል። እርሱም በቢላዋ ወይም በሌላ ስለታም ነገር ድዱን ሰንጥቆ፣ ለስላሳና ነጭ የሆነ ነገር አውጥቶ «ትሉ ይኸውላችሁ» ብሎ ያሳያል። ቤተ ሰቡም በዓይኑ ስላየ ያምናል። የወጣው ግን ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረው የሕፃኑ የወተት ክራንቻ ነው። እብጠቱም ጥርስ ሊወጣ ሲል የሚታይ ጤናማ ነገር ነበር።

ይህ ልማድ በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳንም ይገኛል። የኛዎቹ ሕፃናት ባሕር ተሻግረው እንኳ ምልክቱን ይዘው ሄደዋል፤ የጥርስ ሐኪሞች ወደ እስራኤል በፈለሱት ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ ያደረጉትን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳትመው፣ ክራንቻቸው በሕፃንነት መነቀሉንና አጠገቡ ያሉት ጥርሶችም መበላሸታቸውን ገልጸዋል። በስለቱ ምክንያት ደም ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊከተል ይችላል፤ በአንድ ስለት ብዙ ሕፃናት የተነኩ እንደ ሆነም የደም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃ ነውና፣ ድዱ ሲሰነጠቅ በዋለበት ቀን የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ዚንክና የእናቱ ጡት ነበረ። ሁለቱም መድኃኒቶች በጤና ኬላ ይሰጣሉ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 ጨቅላን ቅቤ ማዋጥን፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስማቸው ጠርቶ ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች ጋር ቈጥሯቸዋል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ወጣቷ እናት አማቷን ተቃውማ ብቻዋን እንድትቆም ከመተው ይልቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ ለአያቲቱም ብታስረዳ ይሻላል።

ጥርሱ አስቀድሞ ለተቦረቦረበት ሕፃን ምን ይደረግ? ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም፤ ዘይቱም የሕፃንን ድድ ያቃጥላል። አረቄ በጥርሱ ላይ ማድረግ ለሕፃን አደገኛ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ግን ሁልጊዜ መንቀል አይከተልም። ያለ መሰርሰሪያ፣ የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ የሚደፈንበት ዘዴ አለ። እንደዚሁም በብርና በፍሎራይድ የተቀመመ አንድ ፈሳሽ በቀዳዳው ላይ ሲቀባ መበስበሱን ያቆማል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዋነኞቹ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። የተቀባው ስፍራ እንደ ጠቆረ ይቀራልና ወላጅ አይደንግጥ። በሆስፒታል ስትቀርቡ ይህ መድኃኒት መኖሩን ጠይቁ። ጕንጩ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ዓይኑ ሥር ድረስ እብጠት የደረሰበት ሕፃን ግን ለነገ አይባልም፤ የገበያ ቀንም እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በመጨረሻም ስለ አንድ ጥርስ ሳንናገር አናልፍም። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ፣ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ ሲበቅሉ የሚወልቅላቸው ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ መምጣታቸውን አያውቅም፤ ያያቸውም የወተት ጥርስ መስለውት ቢበሰብሱ «ይወልቃል» ይላል። እነርሱ ግን ቋሚዎች ናቸው፤ ልጁ ሽማግሌ እስኪሆን ሊያኝክባቸው የተሰጡት ናቸው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት አፉን አስከፍታችሁ ከኋላ ተመልከቷቸው፤ ቡሩሹም እስከዚያ ድረስ መድረሱን አረጋግጡ።